ልጅ በሹራብ ምክንያት ከበር አይመለስም፦ ለመምህሩ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ መምህር ስለ ዩኒፎርም የጻፉት ጽሑፍ እዚህ ጎጃም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር፣ ለኔም ሰው ልኮልኝ አነበብኩት። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚሉት ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤቶቻችን ዩኒፎርም ላይ ላልተዋል፣ በዚህ ምክንያት ሥርዓት ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ ዩኒፎርም ያላሟላ ተማሪ ወላጁ እስኪያሟላለት ድረስ ከበር ይመለስ። ምክንያት ብለው ያስቀመጡት ደግሞ አንደኛ የሀብታምና የድሃ ልጅ እኩል ይሆናል፣ ሁለተኛ የወላጅ ወጪ ይቀንሳል፣ ሦስተኛ ሥነ ምግባርና ውጤት ይሻሻላል፣ አራተኛ በዚህ የግጭት ጊዜ ለጸጥታ ይጠቅማል፣ አምስተኛ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ የቆሎ ተማሪም እኮ ደበሎ ነበረው የሚል ነው። መምህሩን በአካል አላውቃቸውም፣ ከአጻጻፋቸው ግን ለልጆች የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል፣ እኔም የምመልሰው በአክብሮት ነው። ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ካሉ የወረዳ ከተሞች በአንዱ ገበያው ዳር የስፌት መኪናዬን ይዤ ነው የምውለው፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ደግሞ ዋናው ሥራዬ ዩኒፎርም ነው። ሁሉም ተማሪ በግድ ይልበስ ከተባለ ብሩ የሚመጣው ወደኔ ነው፣ ይሄን የነገርኳችሁ ጥቅሜ ተነክቶ እንደማልናገር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ዩኒፎርምንም አልጠላም፣ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ባንዲራ ሲሰቀል አንድ ዓይነት ለብሰው ሳያቸው ደስ ይለኛል። የማልስማማው ጨርቅ ያላገኘ ልጅ አይማር የሚለው ላይ ነው።

ከወጪው ልጀምር፣ እሳቸው ሁለተኛ አድርገውት ቢሆንም ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

መምህሩ "ዩኒፎርም ካለ ወላጅ በየጊዜው ልብስ ከመግዛት ይድናል" ይላሉ። ባሕር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ ላለው ልጅ ይሄ እውነት ሊሆን ይችላል። የገጠሩ ልጅ ግን ድሮውንም ያለው አንድ ልብስ ነው፣ ወንዱ ቁምጣና ሸሚዝ ሴቷ ሽንሽን ቀሚስ፣ እሱም ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ ተገዝቶ ዓመቱን ሙሉ የሚለበስ። ዩኒፎርም የዚያ ምትክ አይሆንም። በዩኒፎርም ከብት አይጠበቅም፣ እንጨት አይለቀምም፣ ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ይወልቅና ይሰቀላል። እና ወላጁ የድሮውንም ይገዛል አዲሱንም ይገዛል፣ ታዲያ የቱ ነው የቀነሰው ወጪ?

ወሩንም አስቡት። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው፣ መስከረም ላይ የገበሬ ቤት ምን አለ? ጤፉ ገና ማሳ ላይ አረንጓዴ ነው፣ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፣ በቆሎው ገና እሸት ነው፣ ጎተራው ክረምቱን ሲበላ ከርሞ ወለሉ ታይቷል፣ እጅ ላይ የነበረችዋን ብር ደግሞ ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ወስዷታል። እንግዲህ ከዓመቱ ሁሉ ብር በሚጠፋበት ወር ነው "ሹራብና ሱሪ አሟልተህ ና" የሚባለው። በግ ያለው በግ ይሸጣል፣ የሌለው ማሳ ላይ ያለውን ጤፍ ለነጋዴ ቃል ገብቶ ይበደራል፣ ታኅሣሥ ላይ እህል ሲረክስ ይከፍላል። ይሄንን ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል፣ እኔ ግን ልኬት ስወስድ ነው የማየው።

አንድ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ጳጉሜን ላይ በገበያ ቀን ሦስት ልጅ አስከትለው መጡ፣ ብትን ጨርቁን ራሳቸው ገዝተው በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውታል። ስለካው ለሁለት ልጅ ነው የሚበቃው። "አንተ ልጅ፣ አስፍተህ ስፋልኝ፣ ሦስት ዓመት ይልበሱት" አሉኝ፣ እሽ ብዬ የሱሪውን እግር አንድ ስንዝር እጥፋት ተውኩለት፣ ወገቡንም የሚለቀቅ አደረግኩት። "ለሦስተኛዋስ እማማ?" ስላቸው "እሷ ለከርሞ ትደርሳለች" አሉኝ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ የመቀሴን እጀታ እየነካካች ትሰማለች። ልብ በሉልኝ፣ እናትየው ልጅቷን ጠልተው አይደለም፣ ጨርቁ አልደረሰም፣ ካልደረሰ ደግሞ የምትቀረው መጀመሪያ ሴቷ ናት። መምህሩ ከበር ትመለስ ያሏት ይቺን ልጅ ነው። ለከርሞ የተባለች ልጅ ደግሞ ከርሞ ሲመጣ ትደርሳለች ብሎ የሚወራረድ ሰው ካለ እኛ አገር ኖሮ አያውቅም፣ እቤት የዋለች ሴት ልጅ ላይ ሽማግሌ እንደሚላክ ማናችን ነን የማናውቀው?

ደግሞ ቀለም መቀየር የሚባል አለ። ርዕሰ መምህር ሲቀየር፣ ወይ ደግሞ ከአንድ ነጋዴ ጋር ስምምነት ሲደረግ፣ አምና ሰማያዊ የነበረው ሹራብ ዘንድሮ ቡናማ ይሆናል። ትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ግን አንድ ጊዜ ሠርቼ የጨረስኩት ሱሪ ቀለሙ ተቀየረ ተብሎ ወላጅ ሲያለቅስበት አይቻለሁ። ለታናሽ የሚተላለፈው የታላቅ ሱሪም በዚያው ከንቱ ቀረ። ወጪ ይቀንሳል የሚል ሰው መጀመሪያ ይሄን ያስቁም።

አሁን ወደ እኩልነቱ። መምህሩ "ዩኒፎርም ድህነትን ይሸፍናል" ብለዋል፣ በጣም የተባለ ነገር ነው፣ ብዙ ሰውም ይስማማበታል። እኔ ግን የሚሸፍን ነገር አላየሁም። ቅድም ስንዝር እጥፋት ተውኩለት ያልኳችሁ ሱሪ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ልጁ ሲረዝም እናቱ ታመጣዋለች፣ እጥፋቱን እፈታለሁ፣ ያኔ የላይኛው ጨርቅ በፀሐይና በአጠባ ነጥቷል፣ ተጣጥፎ የነበረው ግን እንዳዲስ ነው፣ ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ጥቁር ቀለበት ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቀለበት። የክፍል ልጆች ያንን ቀለበት ቆጥረው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። በኩታው ወይ በሰልባጅ ሸሚዝ ቢመጣ እንዲህ አይታወቅበትም ነበር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲለብስ ነው የነጣው ከአዲሱ የሚለየው። ጫማውስ? አንዱ ስኒከር ሌላው ኮንጎ ነው፣ ዩኒፎርሙ እዚያ አይደርስም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሞ ዋልካ መሬት ላይ ሁለት ሰዓት ተጉዞ የመጣው ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ቅያሬ የለውማ! ከተማ ያደረው ግን ንጹሕ ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች እሁድ የታጠበ ሹራብ ሰኞ እርጥብ ሆኖ ይለበሳል፣ ብርዱን የሚያውቀው ያውቀዋል።

ዩኒፎርም ያልለበሰው አንድ ልጅማ ሌላ ነው፣ መቶ ልጅ ሰማያዊ ለብሶ በመሀል አንድ ልጅ ቡኒ ጃኬት ቢያደርግ ከበሩ ሳይደርስ ይታያል። ድህነቱን ሸፈነለት ወይስ አወጣበት? ይሄን ለመምህሩ እተዋለሁ።

ሦስተኛው የሥነ ምግባርና የውጤት ጉዳይ ነው፣ እዚህ ጋ መምህሩ የአሜሪካዋን ሎንግ ቢች ከተማ ጠቅሰዋል፣ ዩኒፎርም አስገድዳ ወንጀል ቀነሰላት ብለው። እኔም ገብቼ አነበብኩ። እውነት ነው ካሊፎርኒያ ያለችው ሎንግ ቢች እ.ኤ.አ በ1994 የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎቿን ዩኒፎርም አስለብሳለች፣ ትምህርት ቤቶቹም ጠብና ወንጀል ቀነሰ ብለው ሪፖርት አድርገዋል፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1996 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር ዩኒፎርምን ደግፈው ተናግረዋል። መምህሩ ያልጻፉት ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ በዚያው ጊዜ ከተማዋ ሌሎች እርምጃዎችንም ስለወሰደች ለውጡ የልብሱ ነው ለማለት አይቻልም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ እ.ኤ.አ በ1998 ብሩንስማ እና ሮክሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካ ተማሪዎችን መረጃ መርምረው ዩኒፎርም ከትምህርት ቤት መቅረትን እንዳልቀነሰ፣ ጠባይንም እንዳላሻሻለ ጽፈዋል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ሎንግ ቢች ላይ የማይፈልግ ወላጅ ፈርሞ ልጁን ከዩኒፎርሙ ነጻ ማድረግ ይችል ነበር፣ ለቸገረው ደግሞ እርዳታ ነበረ። ማለት ምሳሌ ያደረጉልን ከተማ ራሷ ከበር ይመለስ አላለችም እኮ።

ራቅ ብለን አሜሪካ ከምንሄድ ኬንያን እንይ፣ እሷ ትቀርበናለች። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ኢቫንስ እና ንጋቲያ የተባሉ ተመራማሪዎች ያጠኑት አለ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕጣ ዩኒፎርም በነጻ ተሰጠ። ያገኙት ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ቀን በ37 በመቶ ቀነሰ፣ ከዚያ በፊት ጭራሽ ዩኒፎርም ያልነበራቸው ደግሞ በ55 በመቶ። ይሄ ምን ይነግረናል፣ ልጁ የሚቀረው ሰንፎ ሳይሆን የሚለብሰው አጥቶ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን ዩኒፎርም ያገኘውና ያላገኘው በደረሱበት የትምህርት ደረጃ ልዩነት አልነበራቸውም። ስለዚህ ጨርቁ ልጁን ክፍል ሊያስገባው ይችላል፣ ሊያስተምረው ግን አይችልም፣ ማስተማር የመምህሩና የመጽሐፉ ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ ጥናቱ የሚናገረው ስለመስጠት ነው፣ አምጡ ብሎ ስለማስገደድ አይደለም። የሚሰጥ ካለ ሁሉም ይለብሳል፣ እኔም ቀን ከሌት እሰፋለሁ!

የራሳችንስ? በ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ነው፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ዩኒፎርም ለብሰው የተማሩ ናቸው እኮ፣ አብዛኞቹ። ችግሩ ልብስ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተፈትቶ ነበር፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እየተዳረሰ፣ ላብራቶሪው ተቆልፎ፣ መምህሩ በደመወዙ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት፣ እኛ በር ላይ ቆመን የሹራብ ቀለም እንቆጥራለን።

ሥነ ምግባር ያሉትን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከበር የተመለሰ ልጅ እቤቱ አይሄድም። ሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዞ የመጣ ልጅ እንዴት ብሎ ነው ሄዶ ሹራብ ለብሶ የሚመለሰው? ወደ ገበያው ይወርዳል፣ ጆተኒው ጋ ይቆማል፣ ፑል ቤት ይገባል፣ መጀመሪያ ቀን ያፍራል ሦስተኛው ቀን ይለምደዋል። የኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። ጥሩ ጠባይ የነበረው ልጅ በአንድ መስከረም ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ያበላሸው ደግሞ ሥርዓት ይከበር የተባለበት በር ነው። በሩ ላይ ልምጭ ይዞ የሚቆመው መምህርም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፍበታል፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ያለ መምህር ይቀመጣሉ።

ጸጥታውን ባጭሩ እለፈው። ዩኒፎርም ማንም ሰው ገበያ ወጥቶ ሊገዛው ወይ እኔ ጋ ሊያሰፋው ይችላል፣ ተማሪ ነህ ወይ ብዬ መታወቂያ አልጠይቅም። ተማሪን የሚያውቀው የክፍል ኃላፊ መምህሩና የስም መጥሪያው ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ልጁ ተማሪ መሆኑ መንገድ ላይ ከሩቅ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ወላጅ አለ፣ ለምን እንደሆነ ጎጃም ላለ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም። ያ ወላጅ ዩኒፎርሙን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ቢልክ ልንወቅሰው አይገባም።

የደበሎዋ ነገር ግን ሆዴን ነክታኛለች፣ ጎጃም ተወልዶ ይሄን ዝም የሚል የለም። መምህሩ "የአብነት ተማሪ ደበሎ ለብሶ ነው ቅኔ የተቀኘው፣ ወጥ ልብስ የኛው ባህል ነው" ብለዋል። የዋሸራው፣ የጎንጁ፣ የዲማው የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ደበሎ ለብሷል፣ ልክ ነው። ግን ደበሎ ምን ነበር? በግ ከታረደበት ቤት የተገኘ ቆዳ፣ አልፍቶ የሚለበስ፣ ለብርዱም ለምንጣፉም የሚሆን። ልጁ ከወላጁ ቤት ጠፍቶ አኩፋዳውን አንግቶ ሲመጣ የኔታ የሚጠይቁት ከየት መጣህ፣ የት ደረስክ፣ ምን ትማራለህ ነው። ደበሎ የለህምና ተመለስ ብለው ተማሪ ያባረሩ የኔታ ሰምቼ አላውቅም፣ ከናንተ የሰማ ካለ ይንገረኝ። እንዲያውም ያ ትምህርት ቤት ምንም የሌለው ልጅ ለምኖ እየበላ ሊቅ የሚሆንበት ቤት ነበር፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ያገኛል፣ ማታ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ይላል። ከዚያ ወግ የምንወስደው ነገር ካለ በሩ ክፍት መሆኑን ነው። ቆዳውን ወስዶ በሩን መዝጋት የአባቶቻችን አይደለም።

"ታዲያ ካላስገደድን ማን ይለብሳል?" የሚል ጥያቄ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ አለ። የቻለ ይለብሳል፣ ልጆች ራሳቸው ይወዱታልና። ያልቻለውን ማልበስ ከፈለግን ደግሞ መንገዱ አለ። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ስትሰጥ ነበር፣ የክልል በጀት እንደ አዲስ አበባ አይደለም ትሉኛላችሁ፣ እሺ ይሁን፣ ግን በየወረዳው ከዚህ ያነሰ ሊሠራ የሚችል አለ። ቀለሙ ለዓመታት እንዳይቀየር የወላጅ መምህር ህብረቱ ይወስን፣ ጨርቁ በጅምላ ይገዛ፣ ባሕር ዳር ላይ እኮ ከጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ ከ1953 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለበት አገር ነን። ለስፌቱ ቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ልጆች መለማመጃ ይፈልጋሉ፣ እኛም ገበያ ላይ ያለን ልብስ ሰፊዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ልጆች በነጻ እንስፋ ብንባል እምቢ የሚል ያለ አይመስለኝም፣ እኔ በበኩሌ ዝግጁ ነኝ። ስምንተኛና አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ልጆች አሮጌውን ያስረክቡ፣ አሳጥሮ ማስተካከል ለኛ ቀላል ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ሹራብ ብቻ ቢሆን፣ ታች የፈለገውን ይልበስ ቢባልም ወጪው በግማሽ ይወርዳል።

ከሁሉም ይልቅ ግን ዘንድሮ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ እኛ አካባቢ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ መምህሩም ያውቃሉ። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ አሁን ሲመለስ ቁመቱ ሌላ ነው፣ የድሮው ሹራብ ክርኑ ላይ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዱ እኔ ጋ ይዞ መጥቶ "ጋሼ ይሄ ይለቀቃል?" ይለኛል፣ የሚለቀቅ ነገር የለውም። ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡ ራሱ ይከብደዋል፣ እዛው ከብቱ ጋ ይሻለኛል ብሎ ሊቀር ትንሽ ነው የቀረው። እንደዚህ ያለውን ልጅ ነው ከበር መልሱ የምንለው?

መምህር፣ እርስዎ ጥሪዎን ያቀረቡት ለርዕሰ መምህራን ነው፣ እኔም ለእነሱው ነው የምለው። መስከረም ላይ ስሙንና ክፍሉን ብቻ ጠይቃችሁ አስገቡት። ስለ ልብሱ ከወላጁ ጋር ጥር ላይ ተነጋገሩ፣ ያኔ ጤፉ ተወቅቶ ይገባል፣ አባትየውም እጁ ላይ ብር ይኖራል። ጥርም ላይ ካልቻለ ካሁን በፊት የለበሰውን ይልበስ፣ ትምህርቱን ግን አያቋርጥ።